ሦስት ሜትር በእትዬ አስካለ ግቢ

አንድ አናጢ ነበረ። እጁ የሠለጠነ፣ ክፍሉ የጠበበ ሰው። የእሱን ነገር አስቀድሜ የምነግርህ፣ አስቻለው፣ ሦስት ማሽን በወረቀት ሥለህ መጥተህ «ጋሼ፣ ቤቴ ውስጥ ለምከፍተው የእንጨት ሥራ ከእነዚህ የትኛውን ልግዛ?» ስላልከኝ ነው። ወረቀቱን እጠፈውና ስማኝ፤ ኋላ እንዘረጋዋለን።

ይህ አናጢ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ተቀጥሮ ሠራ። አሠሪው ትልቅ አዳራሽ ነበረው። አንድ ቀን ገብቼ በእርምጃ ቆጥሬዋለሁ፤ ከበሩ እስከ ማዶው ግድግዳ ሠላሳ አራት ነው። በአዳራሹ መካከል ሳንቃ በቁመቱ የሚሰነጥቅ ትልቅ ማሽን ቆሟል። አናጢው አሥራ አንዱን ዓመት ያንን ማሽን ሲያጸዳ፣ ዘይት ሲቀባ፣ ሳንቃ ሲገፋበት ኖረ። ጓደኞቹ መሬትና መኪና ሲመኙ እሱ የሚመኘው ያንን ማሽን ነበር።

በመጨረሻ እቁብ ወጣለት። በዚያው ሰሞን አንድ አዲስ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት በር አዘዘው። አናጢው አሠሪውን ሊሰናበት ገባ። አሠሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ቦታህን ሦስት ወር አቆይልሃለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አለው። አናጢው ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። ተመልሼ ልመጣ ነው እንዴ? እያለ ወጣ።

ከቤቱ ጓሮ አንድ ክፍል ነበረው፤ ርዝመቱ አምስት ሜትር፣ ስፋቱ አራት። ማሽን ሊገዛ ሲሄድ ሜትር ይዞ ሄዷል፤ ይህን አልነፍገውም። የአሠሪውን የመሰለ መሰንጠቂያ አገኘና ለካው፤ ሁለት ሜትር ሆነ። አምስት ሜትር ክፍል ውስጥ ሁለት ሜትር ማሽን ይገባል፣ ሦስት ሜትር ይተርፈኛል ብሎ አሰላ። ስሌቱ ልክ ነው። ያልሆነ ነገር ለክቶ ነው የተሳሳተው።

ስምንት ሰው ተሸክሞ አስገባለት። በሩ ላይ የሚቆም ሰው መጀመሪያ እሱን እንዲያይ ብሎ ከክፍሉ ጫፍ አቆመውና እግሩን በሲሚንቶ አሰረው። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየለት።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ሳንቃ አመጣ። ሳንቃው አራት ሜትር የዋንዛ እንጨት ነው። ከበሩ እስከ መጋዙ አራት ሜትር ስላለ እንጨቱ በደህና ገባ። ማሽኑ አጓራ፣ እንጨቱ መሰንጠቅ ጀመረ፤ አንድ ሜትር እንደሄደ ጫፉ ግድግዳውን መታና ቆመ። አየህ፣ አራት ሜትር እንጨት ከመጋዙ በፊት አራት ሜትር ይፈልጋል፤ ከመጋዙ በኋላም ሌላ አራት ሜትር ይፈልጋል። አናጢው አሠሪው ቤት ሳለ ይህን አስቦት አያውቅም፤ እዚያ ቦታው ሞልቶ ነበርና ለመቁጠር ምክንያት አልነበረውም። የአሠሪውን ማሽን ገዛ፤ የአሠሪውን አዳራሽ ግን አልገዛም።

ምን አደረገ? ግድግዳውን በሳው። ግድግዳው የጭቃ ስለሆነ አልከበደውም። ከማዶ የእትዬ አስካለ ግቢ ነበር፤ በርበሬ አስጥታ፣ አስፈጭታ ለሰፈሩ የምትሸጥ ባልቴት ናት። ሳይጠይቅ አልበሳም። «እትዬ፣ እንጨት የሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ ናት» አላት። «ለእንጨት ከሆነ ምን ቸገረኝ» አለች። ወሩ መስከረም ነበር፤ ግቢዋም ባዶ ነበር። እሷም ስለ ቀዳዳው እንጂ በቀዳዳው ስለሚመጣው አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲያ ሳንቃው በአናጢው በር ይገባና በቀዳዳው ሦስት ሜትር ወጥቶ እትዬ አስካለ ግቢ ይቆማል። ጥቅምት ላይ የልብስ ማስጫ ገመዷን ወደ አጥሩ አዛወረች። ኅዳር ላይ ግን በርበሬዋን አሰጣች። በቀዳዳው የሚወጣው ደግሞ እንጨቱ ብቻ አልነበረም፤ ሰጋቱራውም አብሮ ይወጣል።

አንድ ጠዋት አናጢው ሰባተኛውን በር ጀመረ። ሳንቃውን ገፋ፤ ጫፉ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ «ጓ!» አለ። ደግሞ ገፋ፤ ደግሞ «ጓ!»። ማሽኑን አጥፍቶ በመንገድ ዞሮ ሄደ፤ ከእሱ በር እስከ እሷ በር ስልሳ ሁለት እርምጃ ነው። ቀዳዳው ላይ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። እትዬ አስካለ መዶሻውን አጠገቧ አስቀምጣ በርበሬ ትለቅማለች።

«እትዬ፣ ምነው? እንጨቴ እኮ መሀል ላይ ቀረ!»

«የእኔ ደንበኛ ደግሞ ጭራሽ ቀረች» አለች፣ ቀና ሳትል። «ትናንት አንድ ኪሎ በርበሬ መልሳ አመጣችልኝ። ‹ወጤ ዋንዛ ዋንዛ አለኝ› አለችኝ። ዋንዛ ስሸጥ ነው የኖርኩት?»

«ሸራ እዘረጋልሻለሁ፣ እትዬ።»

«ሸራህን ለራስህ ዘርጋ። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ያ ማሽንህ ስንት ሜትር ነው?»

«ሁለት።»

«እኔ ግቢ የሚገባውስ?»

አናጢው ወደ ቆርቆሮው ተመለከተ።

«ስድስት ክንድ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ሦስት ሜትር ማለት አይደል? እንግዲህ አንተ ቤት ሁለት፣ እኔ ቤት ሦስት ከሆነ ማሽኑ የማን ነው? ወይስ እኔም ሳላውቀው እቁብ ስጥል ኖሬያለሁ?»

አናጢው ቆርቆሮውን ሳይነካ ወጣ። ተመልሶ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። አሠሪው ከሰጠው ሦስት ወር የቀረው አሥራ ስምንት ቀን ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ በር የቀሩት ስድስት። ያን ጊዜ ከመግዛቱ በፊት ማድረግ የነበረበትን አደረገ። ጠመኔ አንስቶ አንድ በር በእጅ ሲሠራ የሚፈጀውን ሰዓት ግድግዳው ላይ ጻፈ። መሰንጠቅ፣ ሁለት ሰዓት። መላግ፣ ማለትም የተሰነጠቀውን ማለስለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት። መሰንጠቁን ደግሞ እንጨት ነጋዴው ራሱ፣ እንጨቱ በተገዛበት ቦታ፣ በጥቂት ብር ይሠራዋል። አሥራ አንድ ዓመት የተመኘው ማሽን የሚያድንለት ሁለቱን ሰዓት ነበር። ዘጠኙን ሰዓት እስከዚያ ቀን ድረስ በክንዱ ሲከፍል ኖሯል።

አናጢው ተነሣ፤ መዶሻና መሮ ይዞ የማሽኑን ሲሚንቶ ሰበረ። ሰው ሁሉ ያየለትን ማሽን፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በስምንት ሰው አሸክሞ አስወጣ። ለእንጨት ነጋዴው ከገዛበት አሳንሶ ሸጠለት። የቀሩትን ሳንቃዎች እዚያው አሰነጠቀና ለበር በሚሆን ልክ፣ ሁለት ሜትር ከአሥር አድርጎ አስቆረጣቸው። ባገኘው ገንዘብ ሁለት ሰው የሚያነሣው መላጊያ ማሽን ገዛና በሩ አጠገብ አቆመው። እንጨቱ ተራውን በራሱ ግቢ ይጠብቃል፣ ተልጎ ወደ ክፍሉ ይገባል፣ የማንንም ግድግዳ አይነካም። ቀዳዳውንም በጭቃ ደፈነው። በእሱ በኩል ብቻ አይደለም፤ ስልሳ ሁለቱን እርምጃ ዞሮ በእሷም በኩል ለሰነው።

በሮቹን ለትምህርት ቤቱ ከሰጠው ቀጠሮ አራት ቀን አሳልፎ አስረከበ፤ ትምህርት ቤቱ አጉረመረመ፣ ተቀበለ። አሠሪው ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠው፤ አናጢው ግን ከዚያ ወዲያ አልፈለገውም። እትዬ አስካለ ቆርቆሮዋን እስከ ፋሲካ ድረስ አልነቀለችም። ለምን ሲሏት «ጭቃው ይድረቅ እስኪ» ትል ነበር።

አሁን ወረቀትህን ዘርጋው። ሦስት ማሽን ሥለሃል፤ ልካቸውም ትክክል ነው። አንድ እንጨት ግን አልሣልክም። አንተም እንደዚያ ሰው ብረቱን ለክተህ መጣህ። እንጨቱ ከመግባቱ በፊት የሚቆምበትና ከወጣ በኋላ የሚያርፍበት ቦታም የማሽኑ አካል ነው። ያንን ቦታ ከራስህ ካልሰጠኸው ከሌላ ሰው ትወስዳለህ፤ ትንሽ ቀዳዳ ናት እያልክ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። የምትሠራበትን ረጅሙን እንጨት በገመድ ለካ። ማሽኑ በሚቆምበት ቦታ ላይ ቆመህ ገመዱን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ፣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ዘርጋው፤ ከራስህ ግቢ ካልወጣ ጥሩ። ከዚያ አንድ ወር በእጅህ ሥራና ሰዓትህን የበላውን ጻፍ። ከሦስቱ ብዙ ሰዓት የሚያድንልህን፣ ገመድህም የፈቀደልህን አንዱን ግዛ። ሁለቱ ሰው ቤት ይቆዩ፤ ሲያስፈልግህ ከፍለህ ታሠራባቸዋለህ።

ደግሞ ስትገባ «ክፍሉ ከእናቴ መኝታ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው» ብለኸኝ አልፈኸዋል። እኔ አላለፍኩትም። ግድግዳውን ባትበሳውም ድምፁ ይበሳዋል። እናትህ ደግሞ ቆርቆሮ የምትመታ ሴት አይደለችም፤ ልጄ ሥራ ላይ ነው ብላ ዝም ትልሃለች። ስለዚህ የእሷን ልክ አንተ ለካላት። አልጋዋ ከግድግዳው ስንት እርምጃ ይርቃል? ቁጥሩን ይዘህልኝ ና፤ ማሽኑን ያን ጊዜ እንመርጣለን።