አያ ወልደየስና የአቶ ይርዳው ፎቅ

አያ ወልደየስን በዐይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም። ካዩት የሰማ ግን ደሴ ውስጥ አሁንም አይጠፋም፤ የሰማም አፉን ይዞ ዝም አይልም።

ሰውየው ግንበኛ ነበሩ አሉ። ከመወጣጫ ላይ ወድቀው አንድ እግራቸው ካነከሰ በኋላ ድንጋይ መሸከሙን ተዉት፤ ምላሳቸው ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። የገበያው ሹም ነጋድራስ ይህን አይተው፣ ሱቅም ይሁን መጋዘን፣ ጠጅ ቤትም ይሁን ሆቴል፣ አያ ወልደየስ ሳይመረምሩት በሩ ለገበያተኛ እንዳይከፈት አዘዙ። ሰው የሚበዛበት ቤት ሲወድቅ ባለቤቱን ብቻ አይጫንም ብለው ነው። አያ ወልደየስም የግድግዳ ቀጥታ የሚያዩበትን፣ በክር ጫፍ እርሳስ የታሰረበትን ቱንቢ፣ አንዲት ትንሽ መዶሻና የወለል ልክ የሚያዩበትን የቆርቆሮ ሳህን ይዘው እያነከሱ ከተማውን መዞር ጀመሩ። ሳህኗን ውሃ ሞልተው ወለሉ ላይ ያስቀምጧትና ውሃው ወዴት እንደሚያጋድል ያያሉ።

አንድ የጨርቅ ነጋዴ የአዲስ ሱቁን ደጃፍ በቀለም አሸብርቆ ጠበቃቸው። እሳቸው ግን ሰላምታ ሰጥተው በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞሩ፤ ጎንበስ ብለውም የጣሪያው ውሃ የት እንደሚወርድ፣ መሠረቱ ሥር ይቋጥር እንደሆነ ማየት ያዙ። ነጋዴው ቅር ብሎት፣

«አያ፣ እንግዳ እኮ በፊት ለፊት ነው የሚገባው» ቢላቸው፣

«እንግዳስ በፊት ለፊት ነው፤ ዝናብ ግን በጓሮ ነው የሚገባው» አሉት።

ፊታውራሪ አድማሱ የሚባሉ ባለርስት ደግሞ በኅዳር ያሠሩትን ሆቴል በጥር ሊከፍቱ ቸኮሉ። አያ ወልደየስ መሰላል አስመጥተው ጣሪያ ላይ ወጡና የቆርቆሮውን ምስማር አንድ በአንድ ሲነካኩ ዋሉ። ያም አልበቃቸው ብሎ በእንስራ ውሃ አስቀድተው ያስፈስሱበት ጀመር። ፊታውራሪ በዚህ ጊዜ ትዕግሥታቸው አለቀና፣

«አንተ ሰው፣ ይህ ጣሪያ ከተሠራ ጀምሮ አንድ ቀን አፍስሶ አያውቅም!» ብለው ጮኹ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ እኔም ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ቀን ሞቼ አላውቅም» አሉ አያ ወልደየስ።

ፊታውራሪ ሊቆጡ ከጀሉና ሳቅ ቀደማቸው። ምስማሩም እንደገና ተመታ።

እመት አስካለ የምትባል ጠጅ ቤት ያላት ሴት ነበረች፤ እጇ የሚያስመሰግን፣ አዳራሿ ሁልጊዜ ጢም ያለ። የጓሮውን በር ግን በድንጋይ አስደፍናዋለች። አያ ወልደየስ ያን አይተው ካልተከፈተ አሉ።

«ኧረ አያ! ሌባ እንዳይገባብኝ ብዬ እኮ ነው» አለች።

«ሌባ ሲመጣ የሚገባው አንድ ሰው ነው፤ እሳት ሲነሣ ግን የሚወጣው መቶ ሰው ነው» አሏት።

አስካለ ነገር የሚገባት ሴት ስለነበረች በሩን በማግሥቱ አስከፈተችው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚወራው ግን የአቶ ይርዳው ፎቅ ነው። አቶ ይርዳው እህል ነጋዴ ነው፤ ንፍገቱ ደግሞ አገር ያወቀው። ፎቁን ሲያሠራ አናጢውን፣ «ምስማሩን እስከ ግማሹ ብቻ ምታው፤ ኋላ ነቅለን ለሌላ እናደርገዋለን» ብሎታል ይባላል። ምድር ቤቱን ሱቅ አድርጎ አከራየ፤ ላዩን እህል ሞላበት። ምድር ቤት እህል ይነቅዛል፣ ሰው ግን አይነቅዝም ባይ ነበር።

ከነጋድራስ ትእዛዝ ውጭ ተከራይም እህልም አስገብቶ ከጨረሰ በኋላ ነው አያ ወልደየስን የጠራቸው። ግድግዳው ሁሉ የጭቃ ምርጊት ሆኖ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ክንድ የማትሞላ ስፋት ያላት ነጭ ኖራ ከላይ እስከ ታች ተቀብታለች። ኖራው ገና አልደረቀም።

«ይህቺ ምንድን ናት?» ብለው ጠየቁት።

«እርስዎ ይመጣሉ ብዬ ለክብርዎ ያስቀባኋት ናት፣ አያ» አላቸው።

አያ ወልደየስ ኖራዋን በመዶሻቸው ጫፍ ፋቅ ፋቅ ቢያደርጉ ከሥሯ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ።

«እግዜር ይስጥህ ይርዳው፤ ግን ክብሬ ምነው እንዲህ ቀጥና ከጣሪያ እስከ መሠረት ወረደች?» አሉት።

ፎቅ ወጥተው ሳህናቸውን ቢያስቀምጡ ውሃው ወደ መሐል አጋድሎ ፈሰሰ። ከወለሉ ሥር ያሉት አግዳሚ ግንዶች በእህሉ ክብደት ጎብጠዋል። ከዚያች ጉብጠት በታች ያለው ሱቅ የየሹመቤት ነው፤ በርበሬ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ያሏት ሴት ናት።

«ከላይ አቧራ ይረግፍብኛል፤ አይጥ መስሎኝ ድመት አመጣሁ» አለቻቸው ወርደው ወደ ሱቋ ሲገቡ። ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ ፊታቸው መለወጡን አይታ ግን እንባዋ መጣ። «አያ፣ እባክዎ አይዝጉብኝ። የቀድሞ ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞታል። ክረምቱ ደርሷል፣ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?»

አያ ወልደየስ በሕይወታቸው ቀልድ ያጡት ያን ቀን ነው ይላሉ። «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ አትወጪም፤ የሚወርደው እህሉ ነው» ብለዋት ወጡ። ለይርዳውም እህሉን አውርዶ፣ ከግንዶቹ ሥር ምሰሶ አቁሞ፣ ስንጥቁን ከመሠረቱ አስገንብቶ እንዲጠራቸው ነገሩት።

ይርዳው ሊያባብላቸው አሰበና፣ ተአምር ነው፣ በግ አረደ። ድግሱን እዚያው ፎቅ ላይ፣ በጆንያዎቹ መሐል አነጠፈ። አያ ወልደየስ ደረጃው ሥር ደርሰው ቆሙ።

«ይውጡ እንጂ አያ!» ቢላቸው፣

«አውርድልኝ፤ ገና ባዶ ሆዴን ስወጣ ያቃሰተ ወለል ጠግቤ ብወጣማ ይሰድበኛል» አሉት።

ይርዳው ማባበሉ እንዳልሆነለት ሲያይ ከሰሳቸው። «ጤነኛ ቤቴን ይወድቃል ብለው አሟረቱብኝ» አለ። ዳኛው ግራዝማች ላቀው ጥብቅ ሰው ነበሩ።

«ቤቱ ወድቋል?» ብለው ጠየቁ።

«አልወደቀም» አሉ አያ ወልደየስ።

«እንግዲያው ይወድቃል ለማለትህ ምስክር ጥራ። ምስክር ካጣህ ቤቱ እንዳለ ሥራውን ይቀጥላል፤ አንተም ከሹመትህ ትሻራለህ። ምስክር ካቀረብክ እህሉ ዛሬውኑ ይወርዳል።»

የሹመቤት ከሰው ኋላ ቆማ ነጠላዋን ነከሰች። አብረዋቸው የሠሩት ግንበኞች በሙሉ የይርዳው እህል ተበዳሪዎች ነበሩና አንገታቸውን ደፉ። አያ ወልደየስ ዙሪያውን ቃኙና እጅ ነሡ።

«ጌታዬ፣ ምስክሬ እዚህ አይናገርም። ችሎቱ ወደ ቦታው ይሂድልኝ።»

ሰዎች የተካሰሱበትን ነገር ዳኞች ሄደው ማየታቸው የተለመደ ነውና ግራዝማች ተነሡ። ሰው ሁሉ ተከተለ። የየሹመቤት ሱቅ ውስጥ፣ ከጎበጠው ግንድ ሥር፣ ለዳኛው በርጩማ ተደረገላቸው። አያ ወልደየስ ከጎናቸው ቆሙ። ወዲያው የሰኔ ዝናብ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ከላይ አንድ ነገር ቋ አለና አቧራ በግራዝማች ትከሻ ላይ ረገፈ። ግራዝማች በርጩማቸውን ትንሽ ወደ በሩ ሳብ አደረጉ።

«ይርዳው የት አለ? ግባና ክርክርህን ተናገር!» አሉ።

«እዚሁ ይሻለኛል ጌታዬ፤ ድምፄ ይሰማል» አለ ይርዳው ከደጅ። ለዓመት በዓል እንኳ ሳስቶ የማይለብሰው በርኖሱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

«በርኖስህ በሰበሰ እኮ፣ ሰውዬ!»

«ግድ የለም ጌታዬ፣ ይደርቃል።»

ግራዝማች ወደ አያ ወልደየስ ዞሩ። «በል እንግዲህ፤ ምስክርህ ማን ነው?»

«ያውልዎ ጌታዬ፤ በገዛ ቤቱ ደጅ ዝናብ እየደበደበው ቆሟል!»