መንገዱን አውቃለሁ ያለው አህያ

ተረት ልንገራችሁ ወይስ ወሬያችሁን ትጨርሳላችሁ? እንግዲያው ጠጋ በሉ። የሚሰማ ይቀመጥ፣ የሚያንቀላፋ ከወዲሁ ይውጣ፤ በኋላ «ምን አለ? ምን አለ?» የሚለኝን አልወድም።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አባ ድንበሩ በሚባል ገበሬ በረት አንድ በሬ፣ አንድ አህያና አንዲት የውኃ ቅል ይኖሩ ነበር። በሬው ቡሬ ይባላል። አህያው ዳለቻ ይባላል። ቅሏ ስም የላትም፤ ምላስ ግን አላት፣ ያውም ረጅም።

ቡሬ አሥራ ሁለት ዓመት አርሷል። ከዕለታት አንድ ቀን አባ ድንበሩ ከጎረቤቶቹ ጋር አጥር ሥር ቆሞ «ቡሬ እንግዲህ አርጅቷል፤ ለፋሲካ ቅርጫ እናድርገው» ሲል ቡሬ ሰማ። በሦስተኛው ቀን ለበረት ጓደኞቹ ተናገረ።

«መታረዱስ ይሁን፤ የበሬ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው። ግን ከዚያ ማዶ ፓርክ የሚሉት አገር አለ አሉ። አይታረስም፣ ጅራፍ አይጮኽበትም አሉ። ጎሽ የሚባል ዘመዴ እዚያ ይኖራል፤ ቀንበር ነክቶት አያውቅም። ቀንበር ያልነካው ጫንቃ ምን እንደሚመስል አንዴ አይቼ ብሞት አይቆጨኝም።»

ከዚያ ወደ አህያው ዞረ። «አያ ዳለቻ፣ አንተ አገር ላገር የምትዞር ነህ። መንገዱን ታውቀዋለህ?»

እንግዲህ ልብ በሉ። አህያን ከተፈጠረ ጀምሮ ጫኑት እንጂ ማን ጠይቆት ያውቃል? ዳለቻ ከገበያና ከወፍጮ ቤት በቀር የትም ሄዶ አያውቅም፤ እሱንም ቢሆን ከኋላ በዱላ እየተነዳ ነው። «አላውቀውም» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። ግን ቡሬ እንዲያ በተስፋ ሲያየው ጊዜ አፈረ።

«ፓርክን? እንደ ጓሮዬ ነዋ የማውቀው!» አለ።

አዬ አህያ! ሳቁ፣ ሳቁ፤ እንዲህ ያላለ ከመካከላችሁ ካለ እጁን ያውጣ።

ሦስቱም ተቀምጠው መከሩ። «መቼ እንሂድ?» አለች ቅል። «የመጋቢት መድኃኔዓለም» አለ ቡሬ። ያን ዕለት በሬ አይጠመድም፣ አህያ አይጫንም፤ አባ ድንበሩም ማልዶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ከፋሲካ በፊት ቀን ሙሉ የሚለቀቁበት በዓል እሱ ብቻ ነበር። «ምን እንያዝ?» አለች ቅል። «አንቺን ሞልተን በዳለቻ አንገት እናንጠልጥልሽ፤ ሣሩ እዚያው አለ» አለ ቡሬ። «እዚያ ስንደርስስ?» አለች ቅል። «በሩ ፀሐይ ሲጠልቅ ይዘጋል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች ጨምራ።

ዳለቻ ጉሮሮውን ጠራረገ። «መጀመሪያ የሰጎኖቹን ሜዳ እናያለን። ምሳ ሐይቁ ዳር። ከሰዓት ከጎሾቹ ጋር እንጫወታለን። ማታ ቤታችን ነን።» ሰጎን ባለሁለት እግር ይሁን ባለአራት እንኳ አያውቅም። ቡሬ ግን ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ዕቅድ እያመነዠከ ሰነበተ። ዳለቻም ባየው ቁጥር ነገ እነግረዋለሁ እያለ ቀኑ ደረሰ።

ጎህ ሲቀድ ተነሡ። መንታ መንገድ ላይ ሲደርሱ እማማ ኤሊ ፀሐይ ስትሞቅ አገኟት።

«እንደምን አደራችሁ ልጆቼ? ወዴት ናችሁ?»

«ጠይቃት!» አለች ቅል ከዳለቻ አንገት ሥር።

«ኧረ እንዲያው ነፋስ ልንቀበል ነው እማማ» አለ ዳለቻ፤ አለፈም። እግሩ የለመደውን መንገድ ያዘ። ሄዱ፣ ሄዱ፣ ገበያ ደረሱ። በዓል ነውና ሰው የለም፤ አንድ ውሻ ባዶ ዳስ ሥር ተኝቷል።

«ይሄ ነው እንዴ ፓርኩ?» አለች ቅል።

«አቋራጭ ነው» አለ ዳለቻ። ጆሮው ግን ተቃጠለ። ቡሬ ገበያውን አየ፣ አህያውን አየ፣ ተከተለው።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ወንዝ ደረሱ። ወንዙ እንግዳ ይወዳል። «ጠጡ እንጂ፣ ጠጡ! ወደ ፓርክ ከሆነ መንገዳችሁ በዚህ በኩል . . .»

«ጠይቀው! እየነገረህ እኮ ነው!» አለች ቅል።

«መንገዱንማ እናውቀዋለን!» አለ ዳለቻ። በቡሬ ፊት መንገድ የማያውቅ ሊባል ነው? ሞት ይሻላል።

«ከታወቀስ እኔን ምን አስለፈለፈኝ» ብሎ ወንዙ ተቀይሞ ወረደ።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ወፍጮ ቤት ደረሱ። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ቡሬ ወፍጮ ቤቱን አየ፣ አህያውን አየ፣ «ደስ የሚል መንገድ ነው» አለ። ይህን ሲሰማ ዳለቻ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ከአንድ ዋርካ ላይ እመት ጦጢትን አገኙ። ከላይ ሆና አገሩን ሁሉ ታያለች።

«አሁንስ ካልጠየቅህ ራሴን ፈጥፍጬ እሰበራለሁ» አለች ቅል።

ዳለቻ ቆረጠ። ከዛፉ ሥር ሄደ፣ አንገቱን ቀና አደረገ።

«እመት ጦጢት፣ እንደምን ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ይመስገን። ልጆች ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ቤተሰብ ደኅና?»

«ደኅና። ዘንድሮስ ሾላው እንዴት ነው?»

«ይመስገን፣ አፍርቷል።»

«ክረምቱስ እንዴት ከረመ?»

«ደኅና ከረመ። ምነው፣ የፈለግኸው ነገር አለ?»

አለ! አለ እንጂ! በላ ተናገር! ምላሱ ታሰረ። ዞር ሲል ቡሬ ያዳምጣል። «ኧረ ምንም፤ እንዲያው ደኅንነትሽን ብዬ ነው። በይ ደኅና ዋዪ» ብሎ ተመለሰ። 

ወደ ማምሻው ላይ ቡሬ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አነሣ። «ሣር ይሸተኛል» ብሎ መሪውን ትቶ ከፊት ቀደመ። ጥቂት እንደሄዱ ከአንድ ትልቅ በር ደረሱ። ዘበኛው ከርከሮ መቀርቀሪያውን እያስገባ ነው።

«ተዘግቷል። ነገ በጠዋት ኑ።»

«ነገ እጠመዳለሁ» አለ ቡሬ። «ከዚሁ ከበሩ ሆኜ ጎሹን ባየውስ? ዓይኔን ብቻ ላሾልክ።»

ከርከሮ አዘነለት። «ወይ አያ በሬ! ጎሾቹ ቀኑን ሙሉ እዚሁ በር ላይ ሲግጡ አልነበር? አሁን በቅርቡ ነው ወደ ጫካው የገቡት። መንገዱ ከመንታው ላይ ወደ ቀኝ የአንድ ሰዓት ነው፤ የት ዋላችሁ?»

 ቡሬ ግንባሩን ከበሩ እንጨት ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየ። ዳለቻ የቡሬን ጫንቃ አየ፤ ቀንበር የላጠውን፣ ጠጉር የማያበቅለውን ቦታ። አለቀሰ።

«አያ ቡሬ፣ ማረኝ። መንገዱን አላውቀውም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ቡሬ። «ገበያው ላይ ነው የገባኝ። ጦጢትን ራሴ ልጠይቃት ነበር፤ ግን በቅል ፊት እንዳታፍር ብዬ ተውኩት። አንተ አፈርክ፣ እኔም ላንተ አፈርኩ፤ ቀናችን አለቀች። በል እንሂድ፣ ሳይመሽብን።»

ቢረግመው ይሻለው ነበር። ቢወጋው ይሻለው ነበር። እስከ ቤት ድረስ ዳለቻ አንገቱን ቀና አላደረገም። ፋሲካ መጣ፣ ቅርጫው ተከፋፈለ፣ በረቱ ሰፋ።

ዳለቻ በበነጋው ወጣ። አቀርቅሮ የተመለሰበትን መንገድ አላየውም፣ ከርከሮ ያለውንም ከሐፍረቱ ብዛት አልያዘውም፤ ቢረፍድም መንገዱን ጠይቆ፣ ጎሹን ለቡሬ ሊያይለት ማለ። መሀል መንገድ ላይ ቆመና የሚመጣውን መጠበቅ ጀመረ። አንዱ መጣ፤ አፉን ከፈተ፣ አፈረ፣ አቀረቀረ። ሌላው መጣ፤ አሁንም አፈረ፣ አቀረቀረ። ልጁም እንዲሁ፣ የልጅ ልጁም እንዲሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አህያ አስፋልት መሀል ተገትሮ ታገኙታላችሁ። ሾፌሩ ክላክሱን ያንባርቅበታል፣ «ይሄ ደንቆሮ!» ይለዋል። ደንቆሮ አይደለም፤ የሚጠይቀው ነገር አለው።

እኔ ጨረስኩ፤ እናንተ ለልጆቻችሁ ጀምሩላቸው። እንዲህም በሏቸው፦ «አላውቅም» ብሎ ለአፍታ ማፈርን የፈራ፣ «አውቃለሁ» ብሎ ዕድሜውን ሲያፍር ይኖራል።