የዶሮዋ ጠጠር

አንድ ሀብታም ገበሬ ነበረ። ቆይ ዘርፌ፣ ያንን የድንጋይ ዱቄት አትበጥብጪውና መጀመሪያ ስሚኝ። «እማማ፣ ለጥፍርም ለሆድም ይበጃል ብለው ሸጡልኝ፤ ልጠጣው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለም? መልሱ ይኸው።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ ነበረችው። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ሆዷ እህል አልይዝ ብሎ፣ የቀመሰችውን ሁሉ እየመለሰች አጥንቷ ቀርቷል። አባትየው መላው ጠፍቶት ደጅ ተቀምጦ ሳለ ዶሮዎቹን አየ። ጠጠር ይለቅማሉ፤ ደረቅ በቆሎ እንዳለ ይውጣሉ፤ አንድ ቀን እንኳ ሆዳቸውን ሲያማቸው አላየም። «መድኃኒቱ እግሬ ሥር ኖሯል!» አለ።

የወንዝ አሸዋ አምጥቶ አጠበ፤ ወቀጠው፤ በማር ለውሶ ልጁን አጎረሳት። ኧረ በስመ አብ! የገዛ ልጁን! ደግሞ እኮ ስለሚወዳት ነው። እኔን የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆንማ ጠልተነው እናርፍ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ሆዷን ይዛ ተጣጠፈች። እናትየው አፏን ልትጠርግላት ብትከፍተው ጣቷ አሸዋ ይዞ ወጣ።

«ምን አበላሃት አንተ ሰው?»

«ዶሮ የምትበላውን። ጠጠር ባይበጅ ዶሮ ሁሉ ባለቀ ነበር። በዓይኔ ያየሁትን ልትክጂኝ ነው?»

እናትየው አንዷን ዶሮ ይዛ ቢላውን ሰጠችው። «ባርክና እረድ» አለችው። አረደ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርድ ኖሯል፤ ግን አርዶ ይሄዳል፣ መገነጣጠሉና ማጠቡ የሴት ሥራ ነው፤ የዶሮ ሆድ ምን እንደሚመስል አያውቅም። ያን ቀን ሴትየዋ ወደ ጓዳ አልገባችም። እፊቱ የዶሮዋን ሆድ ቀደደችው። ከውስጡ አንድ የጠጠረ ሥጋ አውጥታ ለሁለት ከፈለችው። ጠጠሩ ከበቆሎው ጋር ታጭቋል፤ ዙሪያው እንደ ጫማ ሶል የወፈረ ቆዳ ነው።

«ዶሮ ጥርስ የላትም፤ ወፍጮዋ ይኸው። የልጄ ወፍጮ የታለ? እኛስ ወፍጮ ወቅረን የመጀመሪያውን ዱቄት አሸዋ አለበት ብለን የምንደፋው ለጨዋታ መሰለህ?»

ሰውየው ያንን ወፍራም ቆዳ በጣቱ ዳሰሰ። ቀጥሎ የልጁን ሆድ ዳሰሰ። ስስ ነው፣ እንደ እንቁላል ልጣጭ። እጁ እዚያው ቀረ።

ተረፈች፣ አትፍሪ። እናቷ የገብስ አጥሚት በትንሽ በትንሹ እያጠጣች፣ ስንት ሳምንት አስታማ አነሣቻት።

አየሽ ልጄ፣ የሸጡልሽም እንደዚያ አባት ናቸው፤ ዋሹሽ አልልም፣ ያዩትን አይተዋል። ድንጋይ በእህሉም በሣሩም ውስጥ አለ፤ የገብስ ቅጠል ጣትን እንደ ሞረድ የሚፍቀው ለምን ሆነና? ሥሩ በዝናብ አሟሙቶ ጠጥቶት ነው። እሱ ሲጠጣው ግን ሌላ፣ አንቺ በማንኪያ ስትጋቺው ሌላ። ለአንዱ ሆድ የተሰጠ ለሌላው አልተሰጠም። ድንጋዩን ገብሱ ይብላው፤ አንቺ ገብሱን ብዪ።