ከባዱ ጎን

ስለ ከባድ ሰው ቀላል ወሬ ማውራት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የክፍለ ከተማው ኃላፊ አቶ ይርዳው የእሽቅድምድም መኪና ነበራቸው። ለሞተሯ አዲስ ክራንክ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ዋና ዘንግ፣ ከውጭ አስመጡና፣ ከነአጃቢዎቻቸው አንዲት ምላሰኛ የቶርኖ ባለሙያ ዘንድ ይዘውት ሄዱ። ሴትየዋ ክራንኩን ማሽኗ ላይ አሽከርክራ አየችው፤ በአንድ ጎኑ ከብዶ ይንቀጠቀጣል። ከከበደው ጎን በስታ ልታቀለው መሰርሰሪያዋን አነሳች።

«ተይ» አሉ አቶ ይርዳው። «ከባዱን ጎን ማንም አይነካውም። ከፈለግሽ ቀላሉ ላይ ጨምሪበት። እሑድ ውድድሩ ላይ ቢንቀጠቀጥ ግን፣ ሰኞ ቤትሽ ይታሸጋል።»

ቤቱ ከታሸገ እንጀራዋም አብሮ መታሸጉ ነው። መሰርሰሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እሺ ጌታዬ። ግን ከባዱን ሳይነኩ ቀላሉ ላይ ብቻ እየጫኑ ማመጣጠንን እኔ አልተማርኩም፤ እሱ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ሙያ ነው። እዚያው ወስደው ያሠሩት። ከተንቀጠቀጠም ሰኞ የሠራውን ቤት ያሽጉ።»

አጃቢዎቹ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። አቶ ይርዳው «ብሺው» አሉ።

እባካችሁ ይህን ለማንም አታውሩ፤ የቀለለው ክራንኩ ብቻ ነው።