መሃል የሌለው ገበያ

አንድ ባላባት ነበረ፤ ሥራው መቀመጥ ነው። ናርዶስ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። በሒሳብ ጥናትሽ ዛፍ የሚባለውን የአንጓዎችና የመስመሮች መረብ፣ ቡድን የሚባለውንም የእንቅስቃሴዎች ስብስብ ይዘሽ «ቡድኑ ዛፉን ሲያንቀሳቅስ አንድም አንጓ በቦታው አይቀርም» ብለሽ ብታቀርቢ፣ ገምጋሚዎችሽ ታዲያ ምን አገኘሽ ብለው ወረቀቱን መለሱልሽ። እውነት ምንም አላገኘሁም ወይ ብለሽ እኔን አስተማሪሽን ጠየቅሽኝ። እንባሽን ጥረጊና ስሚኝ።

በዚያ ባላባት አገር መንገዱ እንደ ዛፍ ነበር፤ ቅርንጫፍ እያወጣ ይሄዳል እንጂ ዞሮ አይገጥምም። በሦስት ቅርንጫፎች ላይ ሦስት የባለእጆች መንደሮች ነበሩ፤ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ። ገበያቸው በየሳምንቱ በተራ ይዞርባቸዋል። ባላባቱ ይህን አየና መገንጠያው ላይ ድንኳኑን ተከለ። ገበያው የትም ይዋል፣ የሁለቱ መንደር ሰው በፊቱ ማለፉ አይቀርም። ያለፈ ሁሉ ሸክሙን አውርዶ ጉልበቱን ይስማል። ነፍሰ ጡር ብትሆን፣ ሽማግሌ ቢሆን፣ ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን አንዲት ሸክላ ሠሪ ጉልበቱን ልትስም ስታጎነብስ እንስራዋ ወድቆ ተሰበረ። ባላባቱ ሳቀ። ሴትዮዋ ገበያ ደርሳ ሰዉን ሰበሰበችና፣ እኛ ስንመላለስ እሱ መቀመጥ ብቻ ይበቃዋል፣ መሃሉን የሰጠነው ራሳችን ነን አለች።

«ከእንግዲህ ገበያው ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም።»

መሬት ስላልነበራቸው የሚያስቀራቸው ነገር አልነበረም። በሳምንቱ ቤተሰባቸውንና ጓዛቸውን ይዘው በመገንጠያው አለፉ፤ ጉልበቱንም ለመጨረሻ ጊዜ ሳሙለት። ገበያው በአንደኛው ቅርንጫፍ ካለው መንደር አልፎ ቆመ፤ በሌላው ሳምንት ከዚያም አለፈ።

ባላባቱ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚመለስ ጠፋ። ድንኳኔን እንድተክል የአዲሱን ገበያ መሃል ፈልግልኝ ብሎ ሎሌውን ላከ። ሎሌው ከርሞ ተመለሰ።

«ጌታዬ፣ መሃል የላቸውም» አለ።

ባላባቱ እስኪሞት ጉልበቱን ዘርግቶ ተቀምጦ ቀረ።

እንግዲህ ናርዶስ፣ ዛፍ የሚያንቀሳቅስ ቡድን እንደዚያ ገበያ ነው። በጥቂት ቦታዎች መካከል ከተመላለሰ የማይነቃነቅ መሃል አይታጣበትም። ያንቺው ግን ምንም ከማያንቀሳቅሰው አባሉ በቀር፣ የትኛውም አባሉ አንድም አንጓ ወይም መስመር ባለበት አይተውም። ነጻ ቡድን የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። ገምጋሚዎችሽ ድንኳን መትከያ አጥተው ነው የተቆጡት፤ እኔም በወጣትነቴ ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ወረቀቱን አንዲት ፊደል ሳትቀይሪ መልሰሽ ስጫቸው። ምን አገኘሽ ካሉሽ፣ ጉልበት የማይስም አገኘሁ በያቸው።