የአያ ዝንጀሮ ዋንጫ

ተረት ተረት! የላም በረት ፈርሶ ኳስ ሜዳ ሆነ አሉ።

በዚያ ሜዳ አያ ዝንጀሮ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጎል ሳይገባበት «ኮከብ በረኛ» ተብሎ ዋንጫ ተሸለመ። ዕድሜ ልኩን ከፊቱ ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ ኳስ ሲነጥቅለት የኖረውን ከርከሮ ግን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ጭራሽ ዝንጀሮ ዋንጫውን እየወለወለ፣ «እኔ ጋ ኳስ ዝር ብሎ አያውቅም! ይሄ ጭቃም ተከላካይ አማካይ ምን ይሠራልናል?» አለ። ቡድኑም አመነውና ከርከሮን አባሮ፣ ላባዋን ስታበጥር የምትውለውን ሰጎን አሰለፈ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ተጋጣሚዎቹ ጅቦች ጎሉን ወንፊት አደረጉት። ዝንጀሮ መረብ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ «ኧረ ይሄ ሁሉ ኳስ እስከ ዛሬ የት ነበር?» ብሎ ጮኸ።

ከሜዳው ዳር ተንበርክኮ ሣር የሚግጠው ከርከሮ ቀና እንኳ ሳይል መለሰለት፦ «ቅልጥሜ ላይ!»