ሁለት የተዘጉ ቅሎች

አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር ጫካ የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች፤ ከወለደቻቸው ሁሉ የተረፈላት አንድ ውርንጭላ ብቻ ነበር። እሱንም እግሩን እሾህ ወጋው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ እብጠቱ ወደ ጉልበቱ ወጣ፤ መቆም አቃተው።

በዚያ ጫካ ሁለት መድኃኒት አዋቂዎች ነበሩ፤ ጃርትና ቀበሮ። ጃርት ሥር ምሶና ቀጥቅጦ በቅል ይይዛል። ቀበሮም ቅል አንጠልጥላ ትዞራለች፤ ምን እንደያዘች ግን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አውሬው በሁለቱ ነገር ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ነበር። ከፊሉ «ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ጥበብ ነው» ይላል፤ ከፊሉ «ሥር ማሽ ሁሉ አጭበርባሪ ነው» ይላል። ድኩላ ጃርት ያዳነለትን ትከሻ ለሁሉ ያሳያል፤ ሚዳቋ ቀበሮ ስታክመው ለሞተባት ልጇ ታለቅሳለች። የአንዱን ቅል ከሌላው ቅል ለይቶ ለማየት የሞከረ ግን አልነበረም።

አህያ መጀመሪያ ወደ ጃርት ሄደች።

«አባ ጃርት፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው። በቅልህ ያለው ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነዋ!»

«መድኃኒት ነው ማለቱንማ ቀበሮም ትላለች። የምን ሥር ነው? ስንቱን አዳንክበት? ስንቱስ ሞተብህ?»

የጃርት እሾህ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ከዚያች ቀበሮ ጋር ልታስተካክይኝ ነው? መድኃኒት ስሙ ከተነገረ ይረክሳል። ለእኔ አባቴ ነገረኝ፤ እኔም ለበኩር ልጄ እነግራለሁ። ያንቺ ድርሻ ማመን ብቻ ነው።»

«ሚዳቋም እኮ ቀበሮን አምና ነው ልጇን ያጣችው።»

አህያ ልቧ ተከፈለ። ብትሳሳት የሚሞተው ልጇ ነው። ስለዚህ ሄዳ ለአንበሳ አቤት አለች።

በማግስቱ አውሬው ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አህያ ወደ ፊት ወጣች። «ጌታዬ፣ የምለምንዎት ቀላል ነገር ነው። ሁለቱም ቅላቸውን ይክፈቱ። የያዙትን በአደባባይ ይናገሩ። ከዚያም ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁስለኛ ይሰጣቸውና በፊታችን ያክሙ። ማን እንደሚያድን ያን ጊዜ እናያለን።»

ቀበሮ ጅራቷን ጠቅልላ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ የአባቶቻችን ጥበብ በአደባባይ ይራቆት? ምን ያድርጉ፣ የአህያ ምክር ነው። ለመሆኑ አባ ጃርት ምን ይላል?»

ጃርት ቀበሮን ዓይኗን ማየት እንደሚጠላ ሁሉም ያውቃል። ያን ቀን ግን «በዚህ ነገር እንኳ እውነቷን ነው። እኔም አልናገርም» አለ።

አህያ ጠጋ አለችው። «አባ ጃርት፣ እሷ የማትከፍተው የምታሳየው ስለሌላት ነው። ያንተ የሚያድን ከሆነ ምን ያስፈራሃል? ስለ ልጄ ብለህ ክፈተው።»

ጃርት ግን ቅሉን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

አንበሳ አዛጋ። የበላው ከብዶት ነበር፤ እንቅልፉም መጥቷል። «ሁለቱም ቅል ዝግ ነው፤ ዝግ ቅል ደግሞ ለእኔ ያው አንድ ነው። ሁለታችሁም ከአገሬ ውጡ!»

«ልጄስ፣ ጌታዬ?» አለች አህያ።

«የከሰስሽው ቅል ነው፤ በቅሉ ላይ ፈረድኩልሽ» ብሎ ጋደም አለ።

ጃርት ኩሩ ነው፤ በዚያው ዕለት ወንዙን ተሻገረ። አህያ እስከ ዳርቻው እየሮጠች «ጥቂት ብቻ ትተህልኝ ሂድ!» ብትለው፣ «ያስባረርሽኝ አንቺ ነሽ!» ብሏት ዘወር ብሎም አላያትም። ቀበሮ ግን መሬት ስማ ወጣችና በጓሮ ዞራ ጉድጓዷ ገባች። ማንም አልፈለጋት። ለአህያም የቀረላት በር የቀበሮ ጉድጓድ ብቻ ሆነ፤ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ወሰደችው።

ቀበሮ ከቅሏ ዘግና ቁስሉ ላይ ነሰነሰች። አህያ አሸተተችው።

«እመት ቀበሮ፣ ይህ አመድ አይደለም እንዴ?»

«ዝም በይ! የጠረጠረ አይድንም። ልጅሽ አንድ ነገር ቢሆን የገደለው ጥርጣሬሽ ነው።»

የጉድጓዱ ደጅ ላይ ጅብ ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው አህያ።

«በሽተኛ መጠየቅ ጽድቅ ነው ብዬ ነው» አለ ለሃጩን እየጠረገ። «እህስ፣ ገና ነው? ማለቴ… ገና አልተሻለውም?»

ውርንጭላው አልተሻለውም። እብጠቱ ሆዱን ያዘ፤ ሰውነቱ እንደ እሳት ጋለ፤ አንድ ረፋድ ላይ ዓይኑን ከእናቱ ሳይነቅል ሞተ።

ጅብ ዘሎ ገባ። ቂል ነውና እናቲቱ ቆማ እየሰማች፣ «እመት ቀበሮ፣ ጉበቱን እንደ ልማዳችን ላንቺ ላስቀር?» ሲል ጠየቀ። ቀበሮ አፈጠጠችበት። «ምነው? ከሚዳቋ ልጅም የወሰድሽው ጉበቱን አይደል?» አላት ጅብ።

አህያ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደች። ጃርት ወሬው ደርሶት ማዶ ቆሟል፤ እሾሁ ሁሉ ተኝቷል።

«አሁን ስሙን ንገረኝ» አለችው።

«ሐረግ ናት፤ መሬት ለመሬት የምትሳብ፣ ቢጫ አበባ ያላት። ምንጩ ዳር ሞልታለች። የሚያድነው ሥሯ ነው።»

«ውሃ ስጠጣ በየቀኑ የምረግጣት?»

«እሷው ናት።»

«ለምን ደበቅካት?»

ጃርት፣ «ከታወቀች ወደ እኔ ማን ይመጣል ብዬ ነው» አለ።

አህያ ምንጩ ዳር ሐረጓን አግኝታ ሥሯን ምሳ በአፏ ይዛ ወደ መንገዱ ወጣች። በግ እግሩ የቆሰለ ግልገሏን እየደገፈች ስትመጣ አገኘቻት።

«እመት በግ፣ ወደ ቀበሮ አትሂጂ! ይኸውልሽ፣ ድኩላን ያዳነው ሥር ይህ ነው። ምንጩ ዳር ይበቅላል፤ ቀጥቅጠሽ ቁስሉ ላይ እሰሪለት።»

በግ ጎንበስ ብላ አሸተተች። «ምንጩ ዳር? ይሄማ የምግጠው ሣር ነው! መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እንዲህ በመንገድ ላይ ታሳዪኝ ነበር? ደግሞስ አዋቂ ከሆንሽ የራስሽን ልጅ ለምን አላዳንሽም?»

ግልገሏን አቅፋ ሥሩን ተራመደችውና ወደ ቀበሮ ጉድጓድ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያድን ዕውቀቱን የሚደብቅ አዋቂ ለአጭበርባሪ መሸሸጊያ እንደሚሆንለትና፣ ሁለቱን በአደባባይ ፈትኖ መለየት የታከተው ዳኛም ከገዳዮቹ አንዱ መሆኑን ነው።